የድሬ መሀል ከተማ ሲታደስ ነዋሪው መናገር ያለበት መቼ ነው?

የድሬዳዋ መሀል ከተማ ሊታደስ ነው ሲባል ወሬው በአንድ ቀን ከከዚራ ተነስቶ ገንደ ቆሬ ይደርሳል። ገሚሱ ሰው ይደሰታል፤ መንገዱ ሊሰፋ፣ መብራት ሊተከል፣ የተደፈነው ቦይ ሊከፈት ነው። ገሚሱ ደግሞ እንቅልፍ ያጣል። "የኛ ቤት አለበት ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። እርግጠኛ መልስ የሚሰጠው አያገኝም። ባለሱቁ የሰማውን ለደንበኛው ይነግራል፤ የባጃጅ ሹፌሩም የራሱን ጨምሮበት ያደርሳል።

ይህን የምጽፈው ለሁለቱም ነው። የከተማ ፕላን እንዴት እንደሚሠራ፣ የነዋሪው ቃል የቱ ጋ ለውጥ እንደሚያመጣ፣ የቱ ጋ ደግሞ ጊዜው እንደሚያልፍበት በቀላሉ ላስረዳ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሕዝብን ማወያየት ማለት አዳራሽ ሞልቶ ስም ማስፈረም አይደለም። መስመሩ ከመሰመሩ በፊት መጠየቅ ነው። መስመሩ ከተሰመረ በኋላ የሚደረግ ውይይት ስለ ካሳ እንጂ ስለ ከተማው አይሆንም።

መጀመሪያ የምናድሰው ምን እንደሆነ እንወቅ።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ወደ ሐረር ሊወጣ ነበር፤ ተራራው ግን አላስወጣውም። ስለዚህ ከተራራው ሥር፣ ከሜዳው ላይ፣ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። በመጀመሪያ "አዲስ ሐረር" እስከመባል ደርሳ ነበር። ከዚራን የባቡር ኩባንያው በወረቀት ነድፎ ነው የሠራው። ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶች፣ አደባባይ፣ ግራና ቀኝ ዛፍ፣ ጣቢያው ደግሞ ራስጌ ላይ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ግን ሌላ ታሪክ አለው። እሱን ያበጀው ነጋዴው ነው። ሰው ሱቁን ከፈተ፣ ከሱቁ ጀርባ ቤቱን ሠራ፣ ጎረቤቱም እንዲሁ አደረገ፤ በመካከል የቀረው ክፍተት መንገድ ሆነ።

ስለዚህ መሀል ከተማችን በአንድ እጅ የተሠራ አይደለም። ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ዓይነት ንድፍ ለማደስ መሞከር ትልቅ ስህተት ነው። ከዚራ የሚፈልገው በአብዛኛው እንክብካቤ ነው። የተሰበረ የእግረኛ መንገድ መጠገን፣ የደረቀ ዛፍ መተካት፣ የድሮዎቹን የባቡር ቤቶች ሳይፈርሱ ማዳን። መጋላ ደግሞ ውሃ፣ የፍሳሽ መስመር፣ መጸዳጃ ቤትና የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ይፈልጋል። የመጋላን ጠባብ መንገድ በሙሉ ካሰፋነው ግን መጋላ የሚባል ነገር አይኖርም። እነዚያ ጠባብ መንገዶች የሚሸጡትንም የሚገዙትንም ከፀሐይ ያስጥላሉ።

ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ቀፊራ ገበያ በር ላይ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ቅስቶቹን ለጊዜው ተዉአቸው፤ እነሱን ፎቶ የሚያነሳ አይጠፋም። ታች፣ መሬቱን እዩ። ከገጠር የመጡ የኦሮሞና የሱማሌ ሴቶች ወተት፣ እንጨት፣ አትክልት ይዘው ይገባሉ። አህያው ይራገፋል። ግመሉ አንድ ጥግ ላይ ይንበረከካል። ራሷ ላይ ቅርጫት የተሸከመች ልጅ በመካከል ታልፋለች። ከውጭ ለሚያየው ትርምስ ይመስላል። ግን እያንዳንዷ የምትቀመጥበት ቦታ አላት፤ ደንበኛዋም እዚያው መጥቶ ያገኛታል። አንዷ ብትቀር ጎረቤቷ "ዛሬ አልመጣችም" ብላ ትነግራችኋለች።

አንድ መሐንዲስ ገበያውን ላዘምን ብሎ ቢነሳ፣ ቅስቱን አድሶ ወለሉን ቢያነጥፍ፣ መብራት ቢያስገባ፣ ማለፊያ ነው። የአህያው ማራገፊያ በንድፉ ላይ ካልተሳለ ግን ወተት ሻጯ በሳምንቱ ሌላ ቦታ ሄዳ ትሸጣለች። እሷን ተከትሎ ደንበኛዋ ይሄዳል። ደንበኛው ሲሄድ ሻይ የምታፈላዋ ገቢዋ ይቀንሳል። ገበያ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ ማንም ክፉ ሳያስብ። ይህንን ለመሐንዲሱ ሊነግረው የሚችለው እዚያ የሚውል ሰው ብቻ ነው። የነዋሪ ሐሳብ ለንድፉ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለውን ዕውቀት ከሌላ ቦታ ማግኘት ስለማይቻል ነው።

ፕላኑ የሚወርድባቸው ደረጃዎች

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። በአገራችን የከተማ ፕላን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። አዋጁ ፕላንን በደረጃ ይከፍላል። ከላይ መዋቅራዊ ፕላን አለ። ይህ መላ ከተማውን የሚመለከት ነው። የቱ ቦታ ለመኖሪያ፣ የቱ ለንግድ፣ የቱ ለፋብሪካ፣ የቱ ለአረንጓዴ እንደሚሆን፣ ዋና ዋና መንገዶች በየት እንደሚያልፉ ይወስናል። ዕድሜው እስከ 10 ዓመት ነው። ከሱ ሥር የአካባቢ ልማት ፕላን ይመጣል። ይህኛው ሰፈር ይገባል። የናንተን ጎዳና፣ የሕንጻውን ከፍታ፣ የመንገዱን ስፋት፣ የመናፈሻውን ቦታ ይነካል። ከዚያ በታች የእያንዳንዱ ፕሮጀክት ዲዛይን አለ። መጨረሻ ላይ ግንባታው ይመጣል።

አብዛኛው ሰው ነገሩን የሚሰማው መጨረሻው ላይ ነው። ቀይ ቀለም ያለው ምልክት ግድግዳው ላይ ሲቀባ፣ ወይም የመለኪያ መሣሪያ የያዙ ልጆች በሩ ላይ ሲቆሙ። ያኔ ብዙው ነገር ተወስኗል። መንገዱ 20 ሜትር ይሁን 30 ሜትር የሚለው ክርክር የሚካሄደው ሁለት ደረጃ ቀደም ብሎ ነበር። አዋጁ የሕዝብን ተሳትፎ ከመሠረታዊ መርሆዎቹ አንዱ አድርጎታል፤ ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብም ይፈልጋል። ስለዚህ ነዋሪው ሲጠየቅ ውለታ እየተዋለለት አይደለም። ሕጉ ያለው ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። "መታደስ" ሲባል አንድ ነገር ብቻ አይደለም። አፍርሶ እንደገና መሥራት አለ። ያለውን ሳያፈርሱ ውሃውን፣ መንገዱን፣ ፍሳሹን ማሻሻል አለ። የተበጣጠሱ ይዞታዎችን አቀናጅቶ፣ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ወስዶ፣ መንገድና የጋራ ቦታ አውጥቶ መልሶ መደልደልም አለ። ሦስቱ ለነዋሪው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በመጀመሪያው ቤቱን ይለቃል። በሁለተኛው ለጥቂት ወራት አቧራ ይታገሳል። በሦስተኛው ጥቂት ካሬ ሜትር ያጣና መንገድ ያገኛል። ስብሰባ ላይ "ይታደስ ትስማማላችሁ?" ተብሎ ቢጠየቅ እጅ የማያወጣ የለም። መጠየቅ ያለበት የትኛው ነው የሚለው ነው።

አንዲት ቁጥር

ከፕላኑ ሰነድ ውስጥ አንዲት ነገር ብቻ ጠይቁ ብባል የሕንጻውን ዝቅተኛ ከፍታ ጠይቁ እላለሁ። ምክንያቱን ላስረዳ። ፕላኑ ለአንድ ጎዳና "ከጂ+4 በታች አይሠራም" ቢል (ከምድር ቤቱ ሌላ አራት ፎቅ ማለት ነው)፣ ወረቀቱ ላይ ማንም እንዲነሳ አልተባለም። ግን ባለአንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት ያላት አሮጊት አራት ፎቅ ልትሠራ አትችልም። ልጆቿ ተሰባስበውም ላይችሉ ይችላሉ። ባንክ አያበድራትም። ቤቷ ሲያረጅ ለማደስ ፈቃድ ስትጠይቅ "ከፕላኑ ጋር አይሄድም" ትባላለች። ቀስ በቀስ ትሸጣለች ወይም ትነሳለች። ሰፈሩን ባዶ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ግሬደሩ ሳይሆን ይህች ቁጥር ናት። ስብሰባ ላይ ግን ስለ መብራቱ ቀለም ሲወራ ይዋላል።

መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። ስለ መሬት ማስለቀቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታዎች አቅሙ ካላቸው መሬታቸውን በፕላኑ መሠረት ራሳቸው እንዲያለሙ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ብቻቸውንም ሆነ ተደራጅተው ማለት ነው። ሦስት አራት ጎረቤታሞች ይዞታቸውን አቀናጅተው አንድ ሕንጻ ቢሠሩ፣ ታች ሱቅ፣ ላይ ቤት ያገኛሉ። ይህ ግን በአንድ ወር አይሆንም። ውክልና፣ የውርስ ጣጣ፣ የይዞታ ካርታ ችግር፣ ብድር አለበት። ስለዚህ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ ያልተነገረው ሰው መብቱ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ማን ነው "ነዋሪ" የሚባለው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የቀበሌ ቤት የሚባለው የመጣው ከዚያ ነው። መሀል ከተማ ውስጥ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በቀበሌ ቤት የሚኖር፣ ልጅ ወልዶ የልጅ ልጅ ያየ ቤተሰብ አለ። ይህ ቤተሰብ በሰፈሩ ሁሉ "የቤቱ ባለቤት" ነው። በሕግ ግን ተከራይ ነው። ሲነሳ የሚሰጠው ምትክ ቤት ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት የመግዛት ዕድል ነው። ካርታ ያለው ሰው የሚያገኘውን ካሳ አያገኝም። ከሱ ደግሞ የባሰ አለ። ከግለሰብ የተከራየ፣ በደባልነት የሚኖር፣ ደጃፍ ላይ ሸራ ዘርግቶ የሚነግድ። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው መዝገብ ላይ የሉም። መዝገብ ላይ ስለሌሉ ስብሰባ አይጠሩም። ስብሰባ ስላልተጠሩ ንድፉ አያውቃቸውም።

የከተማው ሕይወት ግን እነሱ ናቸው። አሸዋ ወይም ታይዋን ገበያን ከተከራይ ነጋዴውና ከደጃፍ ሻጩ አውጥታችሁ አስቡት። ምን ይቀራል? ግድግዳ ነው የሚቀረው። ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ፕላን ከመጀመሩ በፊት ቆጠራው ካርታ በመቁጠር ሳይሆን ሰው በመቁጠር ይጀምር። በዚህ ጎዳና ጠዋት ስንት ሰው ይሸጣል? ከሰዓትስ? ማን ነው የሚገዛው? ከየት ይመጣል? የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ቢሰማሩ ለነሱም ትምህርት ነው።

ለድምፅ የማይቀርብ ነገር

የነዋሪ ሐሳብ ይከበር ማለት ሁሉም ነገር በእጅ ብልጫ ይወሰን ማለት አይደለም። ደቻቱን እንውሰድ።

ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛ ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ይነገድበታል። ለሚያየው ወንዝ አይመስልም። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ማለቂያ፣ በሌሊት፣ ሰው በተኛበት ከላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ግን ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ። የጎርፉ ባሕርይ ነው አደገኛው። ዝናቡ የሚዘንበው ሽቅብ ተራራው ላይ ነው። ዛፉ በተመነጠረ ቁልቁለት ላይ ውሃውን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ተንደርድሮ ይመጣል። ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል።

ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል። ግንብ መኖሩ ግን ሰውን ያዘናጋል። ስለዚህ ወንዙ ዳር ምን ያህል ርቀት ላይ ቤት አይሠራም የሚለው ጥያቄ ለምርጫ የሚቀርብ አይደለም። እሱን የሚወስነው የውሃው መጠን ነው። ባለሙያው አስልቶ ያምጣ። ነዋሪው ደግሞ በ98ቱ ጎርፍ ውሃው የቱ ድረስ እንደደረሰ ግድግዳውን እያሳየ ይንገረው። የስሌት ወረቀትና የነዋሪ ትዝታ አንድ ላይ ሲመሳከሩ መስመሩ የበለጠ ይታመናል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የነዋሪው ነው። የሚነሱት ሰዎች የት ይሂዱ? የለቀቁት ቦታ ምን ይሁን? የኳስ ሜዳ? የጥላ ቦታ? በበጋ የሚከፈት፣ በክረምት የሚዘጋ ገበያ?

ጥላ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በቅርብ ዓመታት በየከተማው የኮሪደር ልማት ተስፋፍቷል። በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ እኛም ጋ ሐረርም ደርሷል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ብርሃን፣ መቀመጫ መምጣቱ ጥሩ ነው። ግን ድሬዳዋ አዲስ አበባ አይደለችም። እዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ጥላ የሌለው መቀመጫ አይነካም። ከዚራ ላይ ሰው እንዴት እንደሚሄድ አስተውሉ። ጠዋት ጥላ ያለበትን ጎን ይይዛል፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲዞር አብሮ ይሻገራል። ንድፍ አውጪ ይህንን አይቶ ዛፍ የሚተከልበትን ጎን ቢመርጥ ከየትኛውም ጌጥ ይበልጣል። ትልቅ ዛፍ ቆርጦ ችግኝ መትከል ደግሞ በወረቀት ላይ "ተተክቷል" ይባል እንጂ ለሚመጡት ብዙ ዓመታት ጥላ የለም ማለት ነው።

ስብሰባው ራሱ

ድሬ ላይ ስብሰባ ከቀኑ 8 ሰዓት ከተጠራ ሰው አይመጣም። ገሚሱ ሱቁን ዘግቶ ተኝቷል፣ ገሚሱ በርጫ ላይ ነው። ገበያ ውስጥ ያሉት ሴቶች ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ዕቃቸውን ጥለው ሊመጡ አይችሉም። አዳራሽ የሚገኙት ሁሌም ያው ሰዎች ናቸው። ጡረተኛው፣ የኮሚቴ አባሉ፣ መናገር የሚወደው። እነሱ ይምጡ። ግን ጠያቂው ወደ ሌላው ይሂድ። ወደ ገበያው፣ ወደ እድሩ፣ ወደ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ወደ ባጃጅ ተራ። የባጃጅ ሹፌር የቱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ውሃ እንደሚያቁር፣ የቱ ጋ ሕፃናት ለመሻገር እንደሚቸገሩ ከማንም በላይ ያውቃል።

ቋንቋም አለ። ድሬ ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሱማሊኛ ቢቀላቅል የሚገርመው የለም። ሐሳብን በደንብ ለመናገር ግን አፍ በፈታበት ነው። ቀፊራ የምትሸጥ እናት በአማርኛ ዋጋ ትነግራችኋለች፤ ቅሬታዋን ግን በኦሮምኛ ነው በደንብ የምትገልጸው። የፕላን ካርታው ማብራሪያ በአንድ ቋንቋ ብቻ ከሆነ ከመሀል ከተማው ተጠቃሚ ብዙው ተቆልፎበታል።

ካርታውም ቢሆን ሰውን ያስፈራል። ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ይሰቀላል። ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ብዙ ጊዜ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ ሰማያዊው አገልግሎት መስጫ፣ አረንጓዴው ስሙ እንደሚለው ነው። ጥግ ላይ ያለውን የቀለም ማብራሪያ አስቀድማችሁ እዩ። ከዚያ ቤታችሁን በቀጥታ አትፈልጉ፤ አታገኙትም። መስጊዱን ወይም ቤተ ክርስቲያኑን ፈልጉ። ቀጥሎ ድልድዩን። ከነሱ ተነስታችሁ በእግር እንደምትሄዱ በጣት ሂዱ። ቤታችሁን ስታገኙ ቀለሙ አሁን ካለው አገልግሎት ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ቢጫ ቤት ቀይ ላይ ወይም አረንጓዴ ላይ ካረፈ ጥያቄያችሁ እሱ ነው። የተቆራረጠ መስመር በቤታችሁ ላይ ካለፈ ደግሞ ሊከፈት የታሰበ መንገድ ሊሆን ስለሚችል ስፋቱን ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ የሚጎድለው መልስ ነው። ሰው ይናገራል፣ ይጻፋል፣ ከዚያ ዝም። በሪፖርቱ ላይ "ከኅብረተሰቡ ጋር ውይይት ተደርጓል" ይባላል። ምን እንደተባለና ምን እንደተቀየረ ግን አይታይም። መፍትሔው ቀላል ነው። የተነሳው ሐሳብ ሁሉ በዝርዝር ይለጠፍ። ከጎኑ "ተቀብለናል" ወይም "አልተቀበልንም" ተብሎ ምክንያቱ ይጻፍ። ሰው ሐሳቡ ባይወሰድም ምክንያቱን ካወቀ ይቀበላል፤ ቢያንስ በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ያነበባችሁ የመሀል ከተማ ነዋሪዎች ወይም ነጋዴዎች ከሆናችሁ፣ የሰፈራችሁ የአካባቢ ልማት ፕላን ጸድቆ እንደሆነ ወይም በዝግጅት ላይ እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቁ። ለየብቻ ሄዳችሁ በቃል አትጠይቁ። እድሩ ወይም የነጋዴ ማኅበሩ በደብዳቤ ይጠይቅ። ደብዳቤው ገቢ ሲደረግ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ አስቀሩ። በደብዳቤው ላይ ሦስት ነገር ይኑርበት፦ የመንገዱ ስፋት፣ የሕንጻው ዝቅተኛ ከፍታ፣ የተከራዮችና የደጃፍ ነጋዴዎች ዕጣ። ረቂቅ ላይ ያለ ከሆነ ባለሙያው በአዳራሽ ሳይሆን ጠዋት ገበያው ሲሞላ መጥቶ በእግሩ አብሯችሁ እንዲዞር ጋብዙት።